ከረጢት የወጣለት ሆድ

ሐሞት ከረጢት ከጉበት ሥር ተሸጉጣ የምትኖር፣ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ አካል ናት። ሐሞትን የምታመነጨው እሷ የምትመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ሥራው ግን የጉበት ነው፤ ጉበት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያመነጫል። የከረጢቷ ድርሻ ውሃውን እየመጠጠች ሐሞቱን ማወፈርና ጮማ እስኪመጣ ድረስ ማቆየት ነው። ቅባት ያለው ምግብ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ ሆርሞን ይለቀቃል፣ ከረጢቷ ትኮማተራለች፣ ሐሞቱም ወርዶ ስቡን ይበታትናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ባለቤቱ ወሬም የለው። ከረጢት እንዳለው የሚያውቀው ጠጠሯ ያመመው ዕለት ነው፤ ያን ሌሊት ደግሞ ጎረቤትም ጭምር ያውቃል።

እንዲህ የምታሳምም ከረጢት ተቆርጣ ትወጣለች። ይህን መጀመሪያ ያደረገው ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ላንገንቡክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1882፣ በርሊን ውስጥ። ከእሱ በፊት የነበሩት ከረጢቷን ከፍተው፣ ጠጠሩን ለቅመው እሷን በቦታዋ ይተዋት ነበር። ላንገንቡክ ግን ጥፋቷ ጠጠር መያዟ ሳይሆን ጠጠር መሥራቷ ነው ብሎ ከነጓዟ አስወጣት። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ሌላው ጀርመናዊ ኤሪኽ ሙሄ በላፓሮስኮፒ፣ በትንንሽ ቀዳዳ በኩል ጎትቶ አወጣት። ይህ ለታማሚው ትልቅ እፎይታ ቢሆንም ክብሩን ነክቶበታል። ዛሬ ብዙው ሰው በማግሥቱ ቤቱ ይገባል፤ ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ የሚያየው አራት ትንንሽ ፕላስተር ብቻ ነው። «ይህችው ናት?» ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ስለ ሆድ ማጉረምረም ቅብጠት ይሆናል።

«ያለ እሷ መኖር ይቻላል» የሚለው የሐኪሞች ቃል እውነት ነው። ፈረስና ግመል ሲፈጠሩም የላቸውም። ይሁን እንጂ ፈረስ ክትፎ አይበላም፤ ግመልም ለሠርግ አይጠራም።

ከረጢቷ ስትወጣ ሐሞት አይቋረጥም፤ የሚቀረው ማጠራቀሙ ነው። ሮቶው ከጣሪያ ላይ የተነሣበት የአዲስ አበባ ቤት ማለት ነው፤ መስመሩ አለ፣ ውሃውም ይመጣል፣ ግን ሲፈለግ በደንብ አይወርድም፣ ሳይፈለግ ደግሞ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ብዙ ቅቤ በአንድ ጊዜ ሲመጣ የሚመጥነው ሐሞት ተዘጋጅቶ አይጠብቀውም፤ ሆድ ይነፋል፣ ይከብዳል። የመንጠባጠቡ መዘዝ ግን ከዚህም ያሳፍራል። የሐሞት አሲዶች ሥራቸውን ሲጨርሱ 95 በመቶ ያህሉ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ተመጥጠው ወደ ጉበት ይመለሳሉ። ሌት ተቀን ሲወርዱ ግን ትርፉ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። ትልቁ አንጀት ይህን እንግዳ አይወድም፤ ውሃ ይለቅበታል፣ ጥድፊያውም ይጀምራል። ጥድፊያው የሚበረታው ከምግብ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ጠዋት ነው፤ ሰው የታክሲ ሰልፍ በሚይዝበት ሰዓት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከተማዋን በሰፈር ስም አያውቃትም፤ የሚያውቃት መጸዳጃ ቤት ባላቸው ካፌዎችና ቁልፍ በማይከለክሉ ዘበኞች ነው።

አብዛኛው አንጀት በሳምንታት፣ ሌላው በወራት ውስጥ ይለምደዋል። ዘመድ ግን አይለምድም። ሐኪም «ቅባት ቀንሱ፤ በትንሽ በትንሹ እየደጋገማችሁ ብሉ» ይላል። ደጋግሞ መብላት በእኛ ገበታ ከባድ አይደለም፤ የጉርሻ ባህል ያሟላዋል። ትንሽ የማይሆነው ጉርሻው ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ሽሮው ዘይት ካልበዛበት፣ ለዚህ ሆድ የዕረፍት ዘመን ነው። ፈተናው የፋሲካ ሌሊት ነው፤ ቅቤ ያንሳፈፈ ዶሮ ወጥ ቀርቦ እናት ጉርሻዋን አንሥታ ስትቆም። «ልጄ፣ የወጣው ሐሞትህ እንጂ ሆድህ አለ አይደል? ለእኔ ስትል ይህችን ብቻ!» ይህን ክርክር የረታ ሐኪም ገና አልተወለደም።

መድኃኒት አዋቂም አይታጣም። አንዷ ፌጦ በሎሚ ታዝዛለች፤ ሌላዋ ተልባ፣ ድርቀት የሚፈታውን ተልባ፣ መጸዳጃ ቤት ለሚመላለስ ሰው። ከጓዳ ከሚገኘው የተሻለው የአጃ አጥሚት ነው፤ በውስጡ ያለው የሚሟሟ አሰር የሐሞት አሲድን ይዞ ያስወጣል። ቡና ትልቁን አንጀት ስለሚቀሰቅስ አቦል ላይ ማቆም ይበጃል፤ ቶናና በረካን ትቶ መነሣት በባለቡናዋ ዘንድ ምን ያህል እንደሚያስወቅስ ሌላ ጉዳይ ነው። ተቅማጡ አልቆም ካለ ኮሌስቲራሚን የሚባል ዱቄት አለ፤ አንጀት ውስጥ የሐሞት አሲዱን ያስራል። እግረ መንገዱን ሌላ መድኃኒትም ስለሚያስር፣ ሌላ የሚወስድ ሰው ሰዓቱን ማራራቅ አለበት።

የሚገርመው፣ የሌለች አካል ስትከሰስ መኖሯ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ቃርም፣ ግሳትም፣ ቁርጠትም በእሷ ይሳበባል። ጠጠር ያለበት ብዙ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ምንም ሳያመው ይኖራል፤ አልትራሳውንድ ላይ ጠጠር ስለታየ ብቻ የቆየ የጨጓራ ወይም የአንጀት ሕመም በእሷ ይላከካል፣ እሷ ትወጣለች፣ ሕመሙ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰው አዲስ በሽታ አልያዘውም፤ የቀረው የድሮው ነው፤ የሄደችው የተከሰሰችው ብቻ ናት።

በቁም ነገር የሚታይ አንድ ነገር አለ። ከረጢቷ ብትወጣም በሐሞት ቧንቧው ውስጥ ጠጠር ሊቀር ወይም ከዓመታት በኋላ እዚያው ሊሠራ ይችላል። ዐይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ ሰገራ ሲነጣ፣ ብርቱ ሕመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ጋር ሲመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። እዚያም ሐኪሙ ስለ ሰገራው ቀለም መጠየቁ አይቀርም። የወጡለትን ጠጠሮች በብልቃጥ ይዞ የመጣውና ብዛታቸውን ሳይጠየቅ የሚቆጥረው ታካሚ፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ አብሮት የመጣው ወንድሙ ነው ፈጥኖ «ደህና ነው፣ ዶክተር» የሚለው።