ፌርፋክስ ፍል ውሃ ወረደ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሐበሻን ለልቅሶ ለመሰብሰብ አንድ ስልክ ይበቃል። ለሠርግ አንድ የጥሪ ካርድና ሁለት ማስታወሻ ነው። ለሽርሽር ግን ኮሚቴ ያስፈልጋል። ከልቅሶ መቅረት ያሳማል፣ ከሠርግ መቅረት ያስቀይማል፤ ከሽርሽር መቅረት ግን ምንም ስለማያመጣ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት «አለሁበት» ይላል። የማን ጉልበት እንደሚያመው፣ የማን አለቃ ፈቃድ እንደሚከለክል የሚታወቀው መዋጮ ሲጠየቅ ነው።

የእኛ ጉዞ ግን የተጠነሰሰው በእውነተኛ ጉልበት ምክንያት ነው። እትዬን ሐኪማቸው «ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ይቀመጡ» ቢላቸው፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየማት የፌርፋክስ ጎዳና ቡና ላይ ጉዳዩን አቀረቡ። ሐኪሙ የቤታቸውን ገንዳ ማለቱ ሳይሆን አይቀርም። እትዬ ግን የሰሙት «ፍል ውሃ» ብለው ነው፤ ከዚያ በኋላ እኛም ሌላ ነገር መስማት አልቻልንም። አንዱ ሶደሬን አነሣ፣ አንዷ ወንዶ ገነትን፣ ሌላው አምቦን። አዲስ አበባ ፍል ውሃ ወረፋ እየጠበቀ ያደገ አንድ ወንድማችን ስለ አንደኛ ማዕረግ መታጠቢያና ስለ ሁለተኛ ማዕረግ መታጠቢያ ልዩነት ማብራሪያ ጀምሮ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። ደንብ ማርቀቅ የማይሰለቻቸው ጋሼ በመጨረሻ «አጀንዳው ይያዝ» አሉ፤ ተያዘ። ሊቀመንበርም እሳቸው ሆኑ።

የመጀመሪያው ሐሳብ ፓልም ስፕሪንግስ ነበር። ሆሊውድ ሲደክመው የሚወርደው ወደዚያ ነው። በድሮው ዘመን ስቱዲዮዎቹ ተዋናዮቻቸው በድንገት ቢፈለጉ እንዲደርሱ ከሁለት ሰዓት መንገድ በላይ እንዳይርቁ በውል ያስሯቸው ነበር ይባላል፤ ፓልም ስፕሪንግስ ደግሞ ልክ የገመዱ ጫፍ ላይ ናት። ፍራንክ ሲናትራ እ.ኤ.አ. በ1947 የፒያኖ ቅርጽ ያለው መዋኛ የተቆፈረለት ቤት ያሠራው እዚያ ነው። ገንዘብ ያዧ የሆቴሎቹን ዋጋ ከስልኳ ላይ ስታነብልን ግን ለእትዬ ጉልበት የገንዳው ቅርጽ ምንም እንደማይጨምር በሙሉ ድምፅ ተስማማን።

ለኪሳችን የምትሆነው ከሸለቆው ማዶ ያለችው ዴዘርት ሆት ስፕሪንግስ ሆና ተገኘች። ካቦት የርሳ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1913 በረሃው ላይ መሬት ይዞ በዶማና በአካፋ ጉድጓድ ቢቆፍር ፍል ውሃ ወጣለት፤ ራቅ ብሎ ሌላ ቢቆፍር ቀዝቃዛ አገኘ። ነገሩን ያመጣው ከሥር የሚያልፈው የሳን አንድሪያስ ስንጥቅ ቅርንጫፍ ነው። ውሃውን እንደ ግድብ ከፍሎ ፍሉን በአንድ በኩል፣ ቀዝቃዛውን በሌላ በኩል ያቆመዋል። «በዚህ ስንጥቅ የተነሣ ስንት ዓመት ለመሬት መንቀጥቀጥ መድን ስንከፍል ኖርን፤ አሁን ደግሞ እሱ ይክፈለን» አሉ ጋሼ። ካቦት በኋላ ሠላሳ አምስት ክፍል ያለው ቤት ከወዳደቀ እንጨትና ከጭቃ በገዛ እጁ ሠርቷል፤ ዛሬ ሙዚየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 የመታጠቢያ ቤት ከፍቶ ቦታዋን ከተማ ያደረጋት ደግሞ ኤል ደብሊው ኮፊ የሚባል ሰው ነው። እትዬ ይህን ስም ሲሰሙ ጀበናቸውን ከሚጫነው ዕቃ መጀመሪያ ላይ አስመዘገቡ።

የምንነሣው ዓርብ ነበርና ምግቡ ሁለት ዓይነት ሆነ፤ ለዕለቱ የጾም፣ ለቅዳሜና እሑድ የፍስክ። ሽሮው ከዶሮው ጋር በአንድ ሣጥን እንዳይጓዝ ሌላ ሣጥን ተገዛ። ምጣድ ይያዝ አይያዝ የሚለው ጉዳይ ለድምፅ ቀርቦ ምጣዱ በአንድ ድምፅ ተሸነፈ። ሹፌራችን የተከራየነው መኪና ጣራ ድረስ ሲሞላ አይቶ «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሽርሽር ነው ስደት?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም።

በአሥር ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነጐድን። የሆሊውድ ኮከቦች በሁለት ሰዓት የሚደርሱት አዲስ አበባ የወንድም ልጅ ስለሌላቸው ነው። እኛ ካባዞን ላይ የቅናሽ መደብሮቹን ስናይ «ለአምስት ደቂቃ» ብለን ወረድን። ጫማ ቁጥሩ 42 ይሁን 43 ለማጣራት አገር ቤት ተደወለ፤ እዚያ ሌሊት ነውና የተኛው ሰው ተቀስቅሶ እግሩ ተለካ። ስንወጣ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ከዚያ ወዲያ ሸለቆውን የሞሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ብቅ አሉ። እትዬ አንገታቸውን አውጥተው አዩና «ይሄን ሁሉ ማራገቢያ ተክለው ሙቀቱ እንዴት አልበረደላቸውም?» አሉ።

ማረፊያችን ትንሽና አሮጌ፣ ንጹሕም ነበረች። አንድ ነገር ብቻ ሳናነብ ነው የከፈልነው፦ ግድግዳው ላይ «ይህ የጸጥታ ሥፍራ ነው፤ እባክዎ በሹክሹክታ ይነጋገሩ» ተብሎ ተለጥፏል።

እኛ ዘንድ ሰው የሚያንሾካሹከው ወይ ሲያማ ወይ ሲዶልት ነው። ስለዚህ ገንዳው ዳር ሁለት ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ መነጋገር ሲጀምር ሌሎቹ «ምን አለች? ስለ ማን ነው?» እያሉ ከማዶ ይጮኻሉ። ፈረንጆቹ አንገታቸው ድረስ ተነክረው መጽሐፍ ያነባሉ። እትዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ገንዳው ቀርበው በስመ አብ ብለው አማተቡና አንድ እግራቸውን ሲያስገቡ «እፎይ!» አሉ። «እፎይ» በሹክሹክታ የሚባል ነገር አይደለም። ሦስት መጽሐፍ ተዘጋ። ወዲያው የጫማው ቁጥር ልክ መሆኑን ሊያበስር የወንድም ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ፤ እሳቸውም ርቀቱን የሚመጥን ድምፅ አወጡ።

አስተናጋጁ እየሳቀ መጣ። እዚህ አገር የኖረ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። ጋሼ ተነሥተው ስለ ባህላችን ገለጻ ሊያደርጉ ሲሉ እትዬ ቀደሙና ጀሪካን ይኖራቸው እንደሆነ ጠየቁ፤ ለሠፈር ሰው ትንሽ ይዘው ሊሄዱ። ልጁ እንደ ጠበል የሚታይ ውሃ መሸጡን እስከዚያች ሰዓት አላወቀም ነበር። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ወደ እኛ በኩል ያሉትን ምልክቶች ማስከበሩን ተወው።

ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ወረድን። መንገዱ ኢንዲዮ ላይ በተምር እርሻዎች መካከል ያልፋል። ዘንባባዎቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከአልጄሪያና ከኢራቅ እየመጡ የተተከሉ ናቸው፤ ኑሮው ተስማምቷቸዋል። ቀጥሎ መካ የምትባል ከተማ አለች። ሙስሊሙ ጓደኛችን የመንገድ ምልክቷ ሥር ፎቶ ተነሥቶ ለእናቱ ላከ። እናትየው ወዲያው ደውለው «ሳትሰናበተኝ?» አሉት። ማስረዳቱ እስከ ሐይቁ ድረስ ቆየ።

ሶልተን ሲ እውነተኛ ታሪኩ ከፊልም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1905 የኮሎራዶ ወንዝ የመስኖ ቦይ ጥሶ ወደዚህ ጎድጓዳ በረሃ ገባ፤ የባቡር ኩባንያው ድንጋይ እየደፋ እስኪዘጋው ድረስ እስከ 1907 ፈሰሰበት። ለራሱ ቢተው ይተን ነበር፤ ከእርሻው የሚወርደው ትርፍ ውሃ ግን አቆየው። ለጥቂት ጊዜ ብሎ የገባ ውሃ ከመቶ ዓመት በላይ ተቀመጠ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሆሊውድ ሰዎች በፈጣን ጀልባ የሚንሸራሸሩበት መዝናኛ ነበር። መውጫ ስለሌለው ጨዉ እየከረረ ሄዶ ዛሬ ከውቅያኖስ ይበልጣል። ዳርቻው ከሩቅ ነጭ አሸዋ ይመስላል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል፤ ለካ የዓሣ አጥንት ነው። ስለ ሽታው ብዙ አልናገርም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 መስከረም ላይ ነፋስ ተሸክሞት ሎስ አንጀለስ ድረስ መድረሱን ብቻ ልናገር። ያኔ ፌርፋክስ ላይ እርስ በርስ እየተያየን «ማነው ቋንጣ ያበላሸው?» ስንባባል ነበር።

ከአጥንቶቹ መካከል ሹፌራችን አንዱን አነሣና «ይሄ ቆሮሶ ነው» አለ። ሐዋሳ ያደገ ልጅ አይሳሳትም፤ ባይሆን የቅርብ ዘመዱ ነው። ዓሣው ከአፍሪካ የመጣ ነው። ወደ አካባቢው የገባው የመስኖ ቦዮቹን አረም እየበላ እንዲያጸዳ ነበር። እንደ ብዙዎቻችን እሱም እዚህ አገር የመጀመሪያ ሥራው ጽዳት ነው። ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረደ፣ ሌላው ዓሣ ጨዉ በዝቶበት ሲሞት እሱ ተዋለደ፣ ባለቤት መሰለ። አሁን ግን የጨዉ ምሬት እሱንም እያሸነፈው ነው። እትዬ አጥንቱን ዝቅ ብለው አዩትና «አንተም መጥተሃል?» አሉት።

ሐበሻ ውጭ አገር የሚያየውን ሁሉ ከአገሩ ጋር ሳያወዳድር አይመለስም፤ ውድድሩንም ተሸንፎ አያውቅም። ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል ከ70 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል ሲባል ጋሼ «ዳሎል ከ100 በላይ ዝቅ ይላል» አሉ። በጨውም ዳሎል አሸነፈ። በፍል ውሃ ሶደሬ አሸነፈ፤ ጦጣም አለውና። «በሽታም ቢሆን» ሊል የፈለገ ነበር፤ እዚያ ላይ ግን ለባለ አገሮቹ ለቀቅንላቸው።

ማታ ሽታውን ልናስለቅቅ ሁላችንም ገንዳው ውስጥ ገባን። ፈረንጆቹ ተኝተዋል። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡን አክብረው በሹክሹክታ አወሩን። የምኒልክ ሰፈር እንጦጦ ላይ ነበር፤ ብርድና ነፋስ። ከተራራው ሥር ግን ፍል ውሃው ይጨሳል። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች እየወረዱ ይታጠባሉ፣ ድንኳን ተክለው ይሰነብታሉ፣ ይመለሳሉ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ቦታው ደስ ብሏቸው ቤት አሠሩና ስሙንም አወጡለት። ንጉሡ ተከተሉ። መኳንንቱም ከነጭፍሮቻቸው መሬት እየተመሩ በየኮረብታው ሰፈሩ። ማገዶ አልቆ ጓዝ ሊጠቀለል ሲል ባሕር ዛፍ ደረሰ። «እንግዲህ ዋና ከተማችን ማለት ሊታጠብ ወርዶ ሳይመለስ የቀረ ሰው ሥራ ነው» አሉ ጋሼ።

ከዚህ በኋላ ዝም አልን፤ ምልክቱን ፈርተን አይደለም። ፌርፋክስም እንዲሁ ነዋ። «ሁለት ዓመት ተምሬ እመለሳለሁ» ያለ ተማሪ መጣ፤ አገሩ ሲታመስ «እስኪረጋጋ» አለ፤ እስኪረጋጋ ድረስ አንዱ ምግብ ቤት ከፈተ፣ ሌላዋ የበርበሬና የዕጣን መደብር፤ ልጆች ተወለዱ፤ ከተማው መጥቶ ምልክት ተከለ። ማንም «እዚህ ልኑር» ብሎ የወሰነበት ቀን የለም። ሁሉም ሽርሽሩን አራዘመ።

ዝምታውን የሰበረችው ቤት አሻሻጯ ናት። በየሐበሻው ስብስብ አንዲት ቤት አሻሻጭ አትጠፋም። ስልኳ እርጥብ እጇ ውስጥ እየተንሸራተተ የአካባቢውን የቤት ዋጋ ትቃኝ ነበር። «ከሎስ አንጀለስ ጋር አይገናኝም! እኮ አስቡት!» አለች። አሰብነው። አንዱ ለእናቱ ጸሐይ፣ ሌላው ለጉልበቱ ውሃ፣ ሦስተኛው ከሐይቁ ሥር ሊቲየም አለ የሚለውን ሰምቶ ለልጆቹ ሀብት አሰበ። ፓልም ስፕሪንግስ በኩልስ? ተባለ። እዚያ ብዙ ቤት የቆመው አጉዋ ካሊየንቴ የሚባሉት የካዊያ ነባር ሕዝቦች በሊዝ በሚያከራዩት መሬት ላይ ነው አለች። «ሊዝ?» አለ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ጀምሮ የተወው ወንድማችን። «እኔ ከሊዝ ሸሽቼ አይደል እንዴ የመጣሁት!» ስለዚህ ወደዚህኛው ኮረብታ ተመለስንና ማን ከማን ጎን እንደሚሰፍር ክርክር ተጀመረ። እትዬ የፍል ውሃውን በር ይዘዋል። ጋሼ ለማኅበሩ አዳራሽ የሚሆን ቦታ ከለሉ። ገንዘብ ያዧ ወርኃዊ መዋጮ አስልታ ስትጨርስ እኩለ ሌሊት ነበር፤ ደንቡ ለመጀመሪያ ንባብ ቀርቧል፤ ሹክሹክታውም ተረስቷል። አንድ መብራት በራ፤ ሁለተኛ በራ፤ በመስኮት ያ ሳቅ ብቅ አለ።

እሑድ የመውጫው ሰዓት ካለፈ በኋላ ጀበናው ገና ሁለተኛ ላይ ነበር። እንግዳ ተቀባዩ መጥቶ ጋሼን፣ ማኅበረሰቡ ምን ያህል ሊቆይ እንዳሰበ በትሕትና ጠየቃቸው። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤርፖርት ላይ ለኢሚግሬሽኑ ሰው በመለሱበት በዚያው ርጋታ፣

«ለትንሽ ጊዜ ነው፤ አሁን እንሄዳለን» አሉት።