ጅብ የገዛው ጋን

ተረት ተረት! የላም በረት!

በብር ሸለቆ ወባ ገብታ እንስሳቱን ታንቀጠቅጥ ጀመር። መድኃኒቷ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣች፣ የእኛው ጭቁኝ ዘመድ የሆነች ተክል ነበረች። ተክሏ ግን ወቅቷን ጠብቃ ትበቅላለች፤ ወባ ቀጠሮ አታውቅም።

እንስሳቱ ፍኖተ ሰላም ላይ ሸንጎ ተቀመጡ። ከቡሬ የመጣች የጠላ እርሾ ተነሥታ፣ «ብቅል ካልተለየኝ መጥመቅ አያቅተኝም። የተክሏን ሙያ ብታስተምሩኝ መድኃኒቱንም እጠምቃለሁ» አለች።

ጉንዳን ተክሏ ውስጥ ገብቶ ሙያዋ የተጻፈበትን አነበበ፤ ፊደል በፊደል ገልብጦም ለእርሾ አስያዛት። እርሾ መጀመሪያ ታመመች፤ ያልለመደችው ሥራ ጉልበቷን ጨረሰው። ጉንዳን ጽሑፉን ደጋግሞ አረመላት። ከብዙ ድካም በኋላ ጋኑ መድኃኒት አወጣ።

ይሄኔ ጅብ መጥቶ ጋኑን ገዛ። ጦጣ «ውስጡ የተጻፈውን ታነባለህ?» ብትለው፣ «ማንበብ ባልችል መብላት እችላለሁ» አላት።

በዚያ ዓመት ተክሏ በየማሳው በዝታ ረከሰች። የጋኑ መድኃኒት ገዢ አጣ። ጅብ ጉንዳንን አባሮ ጋኑን ለእህል ማስቀመጫ ሸጠው።

በዓመቱ በረዶ ተክሏን ከማሳ ጠረጋት፤ ውሃ ያቆረው ሜዳ ትንኝ ፈለፈለ። ጅብ እየተንቀጠቀጠ ጦጣ ደጅ ቆመ።

«ጋኑስ?» አለችው።

«ሸጥኩት።»

«ጽሑፉስ?»

«ጉንዳን ይዞት ሄደ።»

«በል እንግዲያ መብላት ትችል የለ? የሸጥክበትን ገንዘብ ብላው።»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

ፍቺው፦ ተማሪዎች ሆይ፣ እርሾዋ እውነተኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 በካሊፎርኒያ የተመራማሪው የጄይ ኪስሊንግ ቡድን ከአርቴሚሲያ ተክል የተወሰዱ ዘረመሎችን እርሾ ውስጥ አስገብቶ፣ የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን የሚሠራበትን አሲድ አስመረታት። በ2013 የመድኃኒት አምራቹ ሳኖፊ በዚሁ መንገድ መድኃኒቱን በፋብሪካ ማምረት ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ የተክሉ ምርት ረክሶ የእርሾው ገበያ አጣ። ይህ ሙያ፣ የሕያዋንን ጽሑፍ አንብቦና አርሞ አዲስ ሥራ የሚያስይዘው፣ ሲንተቲክ ባዮሎጂ ይባላል። ቡሬ ዛሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ጋን የሚገዛም አይጠፋም። ጉንዳኑ ግን ከእናንተ መካከል መውጣት አለበት፤ ሸንጎውም ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር እንዳያባርረው ከአሁኑ ይምከርበት።