የጉበት ደጅ ዘበኛ

በቢታ ገነት ጫካ፣ ቀፎ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር በምትኖር አንዲት ጥንቸል ሆድ ውስጥ ጉበት የሚባል አገር ነበረ። ዙሪያው የሞራ ግንብ፣ ደጁ የደም ወንዝ። በወንዙ የሚመላለሱ ተሸካሚዎች የስኳር ጉንጉን ይደፋሉ፤ በጉንጉኑ ላይ ደግሞ ቆብ። ቆቡ የወለቀበት ግን በጉበት ደጅ ሲያልፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል።

አንድ ቀን መዳብ ተሸካሚው ጠፋ። «ሸክሙን አልጣለ፣ አልሰረቀ!» ብለው ልጆቹ ጮኹ።

ዳኛው፣ የእሳቸውም ቆብ ዳር ዳሩ ተበልቷል፣ አጣቢዋን አስጠሩ። «እትዬ እንዶድ፣ መዳብ ተሸካሚውን የወሰደውን ነጣቂ ይያዙልኝ።»

«ግንቡ ውስጥ የተቀበረ ነው ጌታዬ። ሞራው ካልሟሟ አይወጣም።»

አረፋቸውን ለቀቁበት። ግንቡ ሲሟሟ ነጣቂው ከስንት ዓይነት ነዋሪ ጋር ተደባልቆ ወጣ። ማን ይለየው? እትዬ እንዶድ ቆብ የወለቀባቸውን ሽማግሌ ተሸካሚዎች ከጠጠር ጋር አስረው በቦይ ደረደሩ፤ ያን ሁሉ ግርግር በላያቸው አፈሰሱት። ሌላው ታጥቦ ወረደ፤ አንድ ዘበኛ ብቻ ሽማግሌ ጨብጦ ቀረ። ጉልበቱ መዳፉ ላይ ያለው ኖራ ነበር። ኖራውን ሲያራግፉበት ለቀቀ።

(በሰዎች ዓለም ይህን የሠሩት እነ ጊልበርት አሽዌል ናቸው። ከአናቶል ሞሬል ጋር የመዳብ ተሸካሚውን ፕሮቲን ቆብ አውልቀው፣ ጉበት ጠራርጎ ሲወስደው አዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ዘበኛውን ራሱን ከጥንቸል ጉበት አጥርተው አወጡት። የእነሱ ኖራ ካልሲየም ነው፤ ሳሙናቸው ግን እንዶድ አልነበረም።)

«መዳብ ተሸካሚው ምን አደረገህ?» አሉ ዳኛው።

«የትኛው? እኔ ፊት አላውቅም። ቆብ ሲወልቅ ጋላክቶስ የሚባለው ስኳር ይገለጣል፤ እጄ የሚያውቀው እሱን ነው።»

እትዬ እንዶድ ማኖስ የሚባለውን ሌላ ስኳር አቀረቡለት። ዞሮም አላየው። ጋላክቶስ ሲያቀርቡለት እጁ ተዘረጋ።

«የዶሮ ጉበት ዘበኛስ እንዳንተ ነው?» አሉ ዳኛው።

«እሱ ጋላክቶስን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ጋላክቶሱም ወልቆ ከሥሩ ያለው ስኳር ሲገለጥ ነው የሚይዘው።»

«በዶሮ አገር ቆብ የሌለው ሽማግሌ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው?»

«ሥራ ላይ ነው።»

ዳኛው ዝም አሉ። የመዳብ ተሸካሚው ልጆችም ዝም አሉ።

«እንግዲህ ጌታዬ» አሉ እትዬ እንዶድ፣ «ግንቡ ያለ ዘበኛ አያድርም። ኖራውን ልመልስለት?»

ዳኛው ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ቆይ እትዬ፣ መጀመሪያ እኔ ልለፍ።»