«ሊቭ» እና «ስቴይ» በሐረር ጀጎል፦ አጭር የመስክ ጥናት

የእንግሊዝኛ ሰዋስው አስተማሪዎች ሁለቱን ግሦች በአንድ መስመር ይገላግሏቸዋል፤ ቤት ያለው ሊቭ ያደርጋል፣ ሻንጣውን ያልፈታ ስቴይ። ሕጉ ለለንደን ይበቃ ይሆናል። ከአምስቱ የጀጎል በሮች በአንዱ ሲገባ ግን ይደናቀፋል።

ቀላሉን ናሙና እናስቀድም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 1855 ራሱ የጻፈውን የአደራ ደብዳቤ ይዞ ገባና ዐሥር ቀን ሰነበተ። ለስቴይ የተሟላ ምሳሌ ይመስላል። ይሁንና የከተማው ገዥ አሚሩ ሳያሰናብቱት መውጣት የማይታሰብ ስለነበር፣ ግሡ የፈቃድ ነው ወይስ የግዞት የሚለው ሳይፈታ ቀርቷል። (ጉዞውን «የመጀመሪያ ርምጃዎች በምሥራቅ አፍሪካ» በሚል ርዕስ አሳትሞታል። የአገሩ ሰው እስከዚያ ቀን በምን ይሄድ እንደነበር መጽሐፉ አያብራራም።)

ሰዋስውን የሚያስጨንቀው ግን አርተር ራምቦ ነው። ገጣሚው ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በ1880 መጨረሻ ለባርዴ ንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ሐረር መጣ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ። በ1891 ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ እስኪወስዱት ድረስ ለቤተሰቡ በሚጽፈው ደብዳቤ ስልችት እንዳለው ያማርር ነበር። እንግዲህ ሐሳቡ ስቴይ ሲያደርግ ዕድሜው ሊቭ አድርጓል ማለት ነው። ሁለት ግሥ በአንድ ሰው ላይ እኩል ሲሠራ ሰዋስው ዝም ይላል።

አሁን ደግሞ «ራምቦ ቤት» አለ። ባለቀለም መስታወቱ ውብ የእንጨት ፎቅ ራምቦ ያልኖረበት፣ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ደጃፉ ላይ «ራምቦ ሊቭድ ሂር» ሲባል ሰምቶ የሚቆጣ ተመራማሪ አይጠፋም፤ ቁጣው ግን ያለቦታው ነው። ግሡ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ያለው «ሂር» ላይ ነው። አስጎብኚው እጁን ወደ ደረጃው ከዘረጋ ሐሰት፣ ወደ ከተማው ከዘረጋ እውነት ይሆናል። ልምድ ያለው አስጎብኚ እጁን ኪሱ ውስጥ ያቆያል።

ጅቦችስ? በግንቡ ቀዳዳ ማታ ገብተው ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ሻንጣም ኪራይም የላቸውም። በሕጉ ስቴይ ነው የሚገባቸው፤ ከበርተንም ከራምቦም ቀድመው የመጡ መሆናቸው ግን ለሊቭ ያደላል። ፈላና በር አጠገብ ጉዳዩን በጥሞና ለማየት ሞክረን ነበር። ጅቡ ወደ ሥጋው ሲጠጋ ግን አብረውን የነበሩት ፈረንጅ ባለሙያ ሁለቱንም ግሦች ትተው «ራን» አሉ።