ባለርስቱ ብስክሌት

የለንደን እግረኛ ነገር አያልቅበትም። ዛሬ ደግሞ የኪራይ ኤሌክትሪክ ብስክሌት መንገዴን ዘጋብኝ ብሎ ይነጫነጫል። ለመሆኑ መንገዱ የእርሱ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለው? ብስክሌቶቹ እንደሆኑ በተጋደሙበት ሁሉ ሳተላይት ይመሰክርላቸዋል፤ እርሱ የት እንደቆመ የሚያውቅለት የለም። የርስት ሙግት ቢሆን ገና ድሮ ተረትቶ ነበር።

ከተማው በ2010 እ.ኤ.አ. ያስጀመረው የኪራይ ብስክሌት ማቆሚያ አለው፤ ተከራዩ መልሶ ካልሰካው ሂሳቡ አይዘጋም። ምን ዓይነት ጭቆና ነው! ደግነቱ በ2017 ማቆሚያ የማይሻው ዓይነት ገባ፤ ኤሌክትሪኩም ተከተለ፤ አከራይ ኩባንያዎቹም ከማቆሚያ ጣጣ ተገላገሉ። ጣጣው የት ሄደ? የትም። አውቶቡስ ፌርማታው ሥር፣ ደረጃው አፍ ላይ፣ ለዊልቸር ተብሎ ዝቅ በተደረገው የመንገድ ጠርዝ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል።

ገፋ ማድረግ ነዋ የሚል አይጠፋም። ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ካልከፈሉበት ጎማው የማይዞር ንብረት እኮ ነው። ምርኩዝ የያዙ እናት ሊያነሱት ቢሞክሩ ይጮህባቸዋል፤ አላፊ አግዳሚውም ዞር ብሎ እርሳቸውን ይገላምጣል።

ለዓይነ ስውራንማ ልዩ አስተያየት ተደርጎላቸዋል። ብስክሌቱን በነጭ በትራቸው (ካልሆነም በቅልጥማቸው) ካገኙት በኋላ ስልክ አውጥተው፣ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር አንብበው፣ ጥርት ያለ ፎቶ አንስተው ማመልከት ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይደረግላቸው?

ተከራዩንም አንውቀሰው። ሲወርድ ፎቶ አንስቶ ልኳል፤ በፎቶው ላይ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያለው በነፋሱና በብስክሌቱ መካከል ያለ ጉዳይ ነው።

የለንደኑ የብሬንት ክፍለ ከተማ ምክር ቤት ግን ትዕግሥት አጣ። «ላይም» (Lime) የተባለውን አከራይ ኩባንያ በ2024 አደብ ካልገዛህ ብስክሌትህን ይዘህ ውጣ ብሎ ቀን ቆረጠለት። ኋላ ተስማሙ፤ ብስክሌቶቹም ቀሩ።

ፓሪሶች የባሰባቸው ናቸው። በ2023 ሕዝበ ውሳኔ ጠሩ፤ ድምፅ ከሰጠው ሕዝብ ከመቶ 89 እጁ የኪራይ እስኩተር ይውጣልን አለ። መራጩ ከመቶ 8 እንኳ አልሞላም፤ የቀረው ምናልባት መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል። እስኩተሮቹ በዚያው ዓመት ተለቅመው ወጡ። አከራዮቹ ግን ቂመኞች አይደሉም፤ እዚያው ፓሪስ ብስክሌት ማከራየታቸውን ቀጠሉ።