ሕፃንን እህል ስለ ማስጀመር ለድሬዳዋ ወላጆች የቀረበ ምክር

ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ አይቅመስ የሚሉ ሐኪሞች፣ በግንቦት እኩለ ቀን ከከዚራ ዛፎች ጥላ ወጥተው የመጋላን ፀሐይ የቀመሱ አይደሉምና፣ እናንት አስተዋይ ወላጆች ሆይ፣ የልጁ ከንፈር የደረቀ በመሰላችሁ ጊዜ ሁሉ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት። የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ በቆላም ቢሆን ለሕፃን ጥም ይበቃል የሚላችሁ ቢኖር፣ ለአገሩ እንግዳ ነው ብላችሁ እለፉት።

በ3ኛው ወር አጥሚት ይከተል፤ እርሱም በጡጦ ቀዳዳ እንደ ልቡ እንዲወርድ እጅግ የቀጠነ ይሁን። 7 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 200 ሚሊ ሊትር ያህል ነውና፣ ያን ጠባብ ስፍራ ውሃ ቀድሞ ከያዘው፣ ልጁ ሳይመገብ ጠግቦ ይተኛል፤ ቤቱም ሰላም ያገኛል። ማንኪያ ላይ የሚቆም ገንፎ ለጎልማሳ ይቆይ።

ከማሕፀን ይዞት የመጣው የብረት ስንቅ በ6ኛው ወር ገደማ እየተሟጠጠ ስለሚሄድ ዕንቁላል፣ ሥጋና ጉበት ደቅቆ ይሰጠው የሚለው ትምህርት በተለይ በዐቢይ ጾም ሊያስደነግጣችሁ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን የ8 ወር ሕፃን ይጹም ብላ ባታዝም፣ ጭንቀቱ የቀኖና ሳይሆን የድስት ነው፤ ዕንቁላል የተቀቀለበት ድስት የጾሙን ሽሮ ያስገድፋልና። ለልጁ የምትሆን አንዲት ትንሽ ድስት ከከፊራ ገበያ ገዝቶ ለብቻዋ ማኖር ለማንም እናት የሚቻል ነገር ቢሆንም፣ አባቶቻችን ያላደረጉትን ማድረግ ስለሚሆን ይቅርባችሁ፤ 55ቱን ቀን በሽሮ መረቅ ይለፈው። በአንድ ግቢ የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤታችሁ፣ እናንተ በረመዳን ቀን ልጆቿን እንደምታበሉላት ሁሉ፣ «ልጁን ወዲህ አምጡት፣ እኔ ዘንድ ዕንቁላል አለ» ያለች እንደ ሆነ ግን፣ ይህ የድሬዳዋ ሰው አመል ምክራችንን ሁሉ ሊያፈርስ የሚችል ብርቱ ፈተና መሆኑን ዐውቃችሁ በትሕትና እምቢ በሉ።

በምትኩ ብስኩት በሻይ ነክራችሁ አጉርሱት፤ ሻይ ብረት ከሰውነት ጋር እንዳይዋሐድ በማገድ ይታወቃልና። ከ1 ዓመት በፊት የተከለከለውንም ማር በጣታችሁ አስልሱት፤ የሚያመጣው መርዝ ጥቂት ሕፃናትን ብቻ ስለሚይዝ የእናንተ ልጅ ባለ ዕድል ይሆናል።

የጠዋቱን ገንፎ ደግሞ እስከ ማታ በመስኮት ላይ አቆዩት፤ ሙቀቱ ማሞቂያ ከሰል ያድናል። ልጁ ተቅማጥ ከያዘው ጥፋቱ የገንፎው ሳይሆን የወተት ጥርሱ ነውና፣ ጡቱንም ምግቡንም ከልክላችሁ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በነጻ ወደሚታደልበት ጤና ጣቢያ ሳይሆን ወደ ጥርስ ነቃዩ ውሰዱት፤ እርሱ ዋጋውን የሚቀበለው አስቀድሞ ነው።