ስለ ፊውዝ የወጣ የፌዝ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 15/30

የተሽከርካሪ ተጨማሪ ዕቃዎችን ኮረንቲ ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ አዋጅ

ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ባለመኪና ሁሉ ከፋብሪካ የመጣው መብራት አልበቃ ብሎት ፓውዛ፣ ክላክሱ አልበቃ ብሎት የከባድ መኪና ክላክስ፣ ቴፑ አልበቃ ብሎት አምፕሊፋየር የሚያስገጥም በመሆኑ፤

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ኮረንቲ ለሬዲዮ ከተመደበችው ቀጭን ሽቦ ላይ በናስትሮ ተጠቅልሎ የሚዘረፍ በመሆኑ፤

ፊውዝ የተባለው ሎሌ ጌታውን ለማዳን ራሱን በሰዋ ቁጥር እንደ በደለኛ ተቆጥሮ ከሥራ የሚባረር መሆኑ በመረጋገጡ፤

በገዛ ኮፈኔ ሥር ባለኝ ሥልጣን መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የፊውዝ ክብር ማስመለሻ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1) «ሪሌ» ማለት ከማብሪያው የምትመጣ ቀጭን ኮረንቲ ከባትሪው የሚመጣውን ወፍራም ኮረንቲ እንድታዝበት የተሠራ ዕቃ ነው።

2) «ፊውዝ» ማለት ሽቦው ከመቅለጡ በፊት የሚቀልጥ ነው። ሌላ ሥራ የለውም።

3) «ኤሌክትሪሻን» ማለት ቴስተር የያዘ ማንኛውም ሰው ነው።

አንቀጽ 3። ሳጥኑን ስለመምረጥ

የሪሌና የፊውዝ ሳጥን ክዳን ያለው፣ ውኃ የማያስገባ፣ ለነገ ዕቃ ትርፍ ቦታ የተወለት፣ ከሞተሩ ሙቀት ርቆ በብሎን የታሰረ ይሁን። መለዋወጫ ሱቅ ሄዶ መጠየቅ ነው።

አንቀጽ 4። ስለ ሪሌ

30 ቁጥር በፊውዝ በኩል ከባትሪ፣ 87 ወደ ፓውዛው፣ 86 ቁልፍ ሲዘጋ አብሮ ከሚጠፋ መስመር በማብሪያው በኩል፣ 85 ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ መኪናው ብረት። 87ሀ ላይ ያሰረ ሰው ማብሪያውን ሲያጠፋ ፓውዛው ይበራበታል፤ ለዚህ ይግባኝ የለውም።

አንቀጽ 5። ስለ ማሳ

ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ይታሰር።

አንቀጽ 6። የተቃጠለ ፊውዝን በሽቦ ስለመተካት

1) ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሳ ተጨማሪ ሽቦ ሁሉ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይደረግበታል። የፊውዙ መጠን ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው አይበልጥም፤ ሪሌው ጀርባ ላይ የተጻፈው 40 የሪሌው አቅም እንጂ ለፊውዝ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ባለ 55 ዋት ሁለት ፓውዛዎች በ12 ቮልት ከ9 አምፔር ጥቂት ቢያልፉ ነው፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና 15 አምፔር ፊውዝ ይበቃቸዋል።

2) የተቃጠለ ፊውዝን በመዳብ ሽቦ፣ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም በምስማር መተካት የተከለከለ ነው።

3) የዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ክልከላው በሚከተሉት ሁኔታዎች ተፈጻሚ አይሆንም፦

ሀ) የመሸ እንደሆነ፤

ለ) ባይመሽም ሱቁ ለምሳ የተዘጋ እንደሆነ፤

ሐ) ሱቁ ክፍት ሆኖ የሚላክ ልጅ የጠፋ እንደሆነ፤

መ) ልጁ ተልኮ ሰማያዊው አልቆ አረንጓዴውን ይዞ የመጣ እንደሆነ፤ በዚህ ጊዜ ሰማያዊው 15፣ አረንጓዴው 30 መሆኑ የቀለም ምርጫ ብቻ እንደሆነ ይገመታል፤

ሠ) አረንጓዴውም የተቃጠለ እንደሆነ፤

ረ) ሥራው «ለጊዜው» የተሠራ እንደሆነ፤ ለጊዜው የተሠራ ሥራ መኪናው እስኪሸጥ ድረስ የጸና ሲሆን፣ ሲሸጥም ከሊብሬው ጋር ለገዢው ይተላለፋል፤

ሰ) ኤሌክትሪሻኑ «የራሴንም መኪና እንዲሁ ነው የሠራሁት» ብሎ የማለ እንደሆነ፤

ሸ) ባለመኪናው ቸኩሎ ከሆነ፤ ባለመኪና ሁሉ እንደቸኮለ ይቆጠራል።

4) በንዑስ አንቀጽ 3(ሠ) መሠረት ፊውዙ እየደጋገመ የተቃጠለ እንደሆነ፣ ለምን እንደሚቃጠል መመርመር ደንበኛን ማመላለስ ስለሚሆን ክልክል ነው። በምርመራው ፈንታ ኤሌክትሪሻኑ የሚከተለውን ቃል ይሰጣል፦ «ጋሼ፣ ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸግሮ ነበር። ዳይሬክት አድርጌልዎታለሁ። ከእንግዲህ አይቃጠልም።»

5) ይህ ቃል እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ፊውዝ አልተቃጠለም። የሚቃጠል ፊውዝ አልነበረማ! በፊውዙ ቦታ የገባው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ እስኪቀልጥ ወደ 80 አምፔር ገደማ ያሳልፋል፤ የኔ የፓውዛ ሽቦ ደግሞ ያለ ሪሌ፣ ያለ ጎማ ቀለበት፣ በብረት ቀዳዳ ሾልኮ ዳሽቦርዴ ውስጥ የገባ ነው። ብረቱ ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ሲበላው፣ መዳቡ ብረቱን በነካ ቁጥር ፊውዙ ይቃጠል ነበር። እየጮኸ ሲነግረን የነበረው ይህንን ነው። እኛ ደግሞ ጮኸ ብለን አወጣነው።

6) መጀመሪያ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ከመሪው ሥር ጭስ። ልጄ ከኋላ ወንበር በቀበቶ ታስራ ተኝታለች። በዚያ ጭስ ውስጥ የልጅ ቀበቶ መፍታት ምን እንደሚመስል በንዑስ አንቀጽ ሊደነገግ አይችልም። ሀ የለውም፤ ለ የለውም፤ «እንደተጠበቀ ሆኖ» የለውም። ልጄ ወጣች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ሰዓት አልጽፍም።

7) የቀለጠውን ይዤ ስመለስ ኤሌክትሪሻኑ ኮፈኑን ከፍቶ አየና «እንኳን ልጅቷ ተረፈችልዎት» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከዚያ ናስትሮውን ከኪሱ አወጣና «ሽቦው ስለቀጠነ ነው ጋሼ፤ አሁን ወፍራም ላድርግልዎት» አለ። ስለ ፊውዝ ስጠይቀው ሳቀብኝ። አንተ ሰው፣ ወፍራም ሽቦ ብታስገባበት እኮ ያ ባትሪ ብዙ መቶ አምፔር ሊለቅበት ይችላል! በየትኛው ቋንቋ ልንገርህ?

8) በንዑስ አንቀጽ 3 ከሀ እስከ ሸ የተዘረዘሩት ሁሉ ከዚህ በላይ በተጻፈው ምክንያት ተሰርዘዋል። ሲጻፉ ያሳቁ ነበር።

አንቀጽ 7። ስለ ቁጥጥር

ለቦሎ የሚመረምር ባለሙያ እሳት ማጥፊያ መኖሩን ይጠይቃል። እሳቱ ከየት እንደሚነሳ አይጠይቅም። የኔ መኪና ያንን የመዳብ ሽቦ ይዞ ምርመራውን በክብር አልፏል፤ ፓውዛው ሲበራ መርማሪው አይቶ ደስ ብሎታል። ወደፊት መርማሪው የሳጥኑን ክዳን ያነሳል። ጣት ያለው ሰው ይበቃል፤ መሣሪያ አያስፈልገውም።

አንቀጽ 8። ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ ኤሌክትሪሻን የገዛ ልጁን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ራሱ ዳይሬክት ባደረገው መኪና ሌሊት እንዲነዳ ይገደዳል። ሆኖም ልጁ ያጠፋው ጥፋት ስለሌለ ይህ ቅጣት ተነስቷል። ሌላ ቅጣት አላገኘሁም።

አንቀጽ 9። የተሻሩ ልማዶች

«ምንም አይልም» ተሽሯል። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው» ተሽሯል።

አንቀጽ 10። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህን አዋጅ ነጋሪት ጋዜጣ ስለማያትመው፣ አንባቢው ኮፈኑን ከከፈተበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሞተሩን አጥፉ፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሱትን የተጨመሩ ሽቦዎች አንድ በአንድ በዓይናችሁ ተከተሉ። ስንዝር ሳይሞላ ፊውዝ ያልታየበትን መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትታችሁ ንቀሉት። ፓውዛ ከሌለ ቀስ ብሎ መንዳት ይቻላል።